አድናቂ ሆኜ የሠራሁት ሙዚቃ «የቦርድስ ኦፍ ካናዳ ያልወጣ ሥራ» ተብሎ ይዞራል፤ የእኔ ነው ልበል ወይስ ልተወው?

በእስክሪብቶ አጠንጣኝ (አዲስ አበባ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽ ያናድዳል። ብቻዬን ከምብሰለሰል እናንተ ፊት ላምጣው ብዬ ነው።

ለማያውቃቸው፦ ቦርድስ ኦፍ ካናዳ ሁለት የስኮትላንድ ወንድማማቾች ናቸው፤ ማይክል ሳንዲሰንና ማርከስ ኦይን። ስሙን የወሰዱት በልጅነታቸው ፊልሞቹን ይመለከቱለት ከነበረው ከካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ነው። ሙዚቃቸው በሲንተሳይዘር የተሠራ ሆኖ ሳለ ፀሐይ መትቶት፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ የተገኘ ይመስላል። በ1998 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጡት አልበም ሽፋን ላይ ሰባት ሰዎች ቆመዋል፤ ፊት የላቸውም። በ2002 ሁለተኛውን፣ በ2005 ሦስተኛውን አወጡ። በ2006 አንድ አጭር ሥራ ተከተለ፤ ከዚያ እስከ 2013 ዝም አሉ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ በየአገሩ ያለን አድናቂዎች የጎደለንን ራሳችን መሥራት ጀመርን። አንዱ ተነሥቶ «ስብስብ ላዘጋጅ ነው፣ ላኩልኝ» ይላል፤ ቀን ይቆርጣል፤ ሌላው የድምፁን ከፍታ ያስተካክላል፤ ሌላው ፊቱ የጠፋ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ፈልጎ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ በነፃ ይለቀቃል። ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። እኔም በ2010 አንዱ ስብስብ ውስጥ ገባሁ።

ሥራዬ አራት ደቂቃ ነው። ደንቡ ያልተጨመቀ ፋይል ይላል፤ ያ ማለት 40 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ አንዱን ቀን መብራት ሄደ፣ ሁለቱን ቀን መስመር ተቋረጠ። በመጨረሻ በ128 ኪሎቢት ጨምቄ፣ 4 ሜጋባይት እንኳን ሳይሞላ ላክሁት። አዘጋጁ ድምፁን ሆን ብዬ ያበላሸሁት መስሎት በጣም ወደደልኝ። እኔም አላስተባበልኩም።

በሥራው መካከል የሕፃን ድምፅ አለ። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። ፊደል ስትቆጥር በአባቴ ቴፕ ቀዳኋት፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ከዚያ ትስላለች፣ ሄ፣ ህ። እኛ ቤት ባትሪ አልቋል ተብሎ አይጣልም ነበር፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ከዚያ ሁለት ቀን ደግሞ ያገለግላል። ዘፋኙ ግን ከዚያ ወዲያ የሚዘፍነው እንደ ሰከረ ሰው እየጎተተ ነው። የልጅቷንም ድምፅ በደህና ባትሪ ቀድቼ በተነከሰ ባትሪ አጫወትኩት፤ ሕፃን ትሁን አሮጊት የማይለይ ሆኖ ወጣ።

አሁን ወደ ነገሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ሥራዬን ከስብስቡ ቆርጦ «ከድሮ ካሴታቸው የተገኘ፣ ያልወጣ» ብሎ በቪዲዮ ገጽ ላይ ጫነው። እኔ በስሜ ካስቀመጥኩት መቶ እጥፍ ሰው ሰምቶታል። ከሥር ያለው አስተያየት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ዕብራይስጥ ነው ይላል፣ ሌላው የስኮትላንድ ጌሊክ ነው ይላል። አንዱማ ሳሏን ጨምሮ ድምፆቹን ቆጠረና ሰባት ሲሆኑለት «እነሆ፣ ሽፋኑ ላይ ያሉት ሰባት ሰዎች» ብሎ ደመደመ። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።

እነርሱን መስዬ ሥራቸው ነው መባሌ ያኮራኛል። ስሜ መጥፋቱ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

ሞገድ (ፍራንክፈርት)፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡02

ወንድሜ፣ አንተ ላይ የደረሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የ2002ቱ አልበም ከመውጣቱ በፊት በፋይል መለዋወጫ ፕሮግራሞች ላይ በእነርሱ ስም የሐሰት ሥራ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። እኔ ራሴ ሌሊቱን ሙሉ አውርጄ፣ ተርታውን በሲዲ ቀድቼ፣ ትክክለኛው ሲወጣ ግማሹ ከእነርሱ ጋር እንደማይገናኝ አወቅሁ። የሚገርመው ግን አንዱን የሐሰት ሥራ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እንደ አንተ ያለ ሰው ይሆናል።

ለምን እነርሱ ላይ ብቻ ይበዛል ብትል ምክንያት አለው። ታዋቂ ከመሆናቸው በፊት ለወዳጅ ለዘመድ ያደሉዋቸው ካሴቶች ነበሩ፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ ኋላ ሾልከው ወጡ። በውስጣቸው ያለው አጫጭር፣ ያልተጠናቀቀ፣ ሻካራ ነገር ነው። ስለዚህ የማንም አጭርና ሻካራ ሥራ «ከካሴቱ ነው» ቢባል ያስኬዳል። ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ባንድ ቢሆን ኖሮ ማንም አይታለልልህም ነበር።

ሰዎቹ ደግሞ አድማጩን ምስጢር ፍለጋ ላይ ያሠለጠኑ ናቸው። ያው የ2002ቱ አልበም ርዝመቱ 66 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ነው (666 መሆኑ ነው)፤ የመጨረሻው ሥራ ከዝምታ በቀር ምንም የለበትም። በ2013 አዲስ አልበም ሊወጣ ሲል ኒው ዮርክ በሚገኝ ሙዚቃ ቤት አንድ ሸክላ ተገኘ፤ የሸክላው ድምፅ ስድስት አኃዝ ብቻ ያነባል። የቀሩት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በኢንተርኔት ተበታትነው ነበር። በጠቅላላው 36 አኃዝ፤ አድናቂዎች ለቃቅመው ገጣጠሙት። እንዲህ የሠለጠነ አድማጭ የልጅ ሳል ቢቆጥር ምን ይገርማል?

ሐይፋዊት (ሐይፋ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡31

ቆይ፣ ቆይ። አንተ ነህ እንዴ?

ያንን ቪዲዮ ሰምቼዋለሁ! ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ፣ በጆሮ ማዳመጫ። «ሂ» ስትል ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎንደር ዙሪያ፣ ከቤታችን ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አያቴ በስንደዶ እያመለከቱልኝ ነው፤ ያን ዜማ በእንቅልፌ ልቤም አውቀዋለሁ። ወዲያው ከሥር ጻፍኩ፦ ይህ የአማርኛ ፊደል ነው፣ የምትቆጥረው ልጅ ናት፣ ሰባተኛዋን አልጨረሰችም አልኩ።

አንዱ መለሰልኝ። ቋንቋ የተማረ እንደሆነ፣ ድምፁ ወደ ኋላ የተገለበጠ እንግሊዝኛ መሆኑን በኮምፒውተር እንዳረጋገጠ፣ እኔ መስማት የምፈልገውን እንደሰማሁ አስረዳኝ። ዕብራይስጥ ነው ላለውም «እኔ እዚሁ ነኝ፣ ዕብራይስጥ አይደለም» አልኩት፤ እርሱም አላመነኝም። የአያቴን ፊደል ለእኔ የሚያስተረጉም መጣ! ተናድጄ ዘጋሁት።

በእስክሪብቶ አጠንጣኝ፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡40

እህቴ፣ ያንን አስተያየት አንብቤዋለሁ። ማን ይሆን ስል ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ትክክል የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ውሸታም አሉት። በዓለም ላይ አንድ ምስክር አለኝ ማለት ነው።

የድሮ ኪቦርድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ማክሰኞ ከንጋቱ 12፡15

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ በደርግ ዘመን በባንድ ኪቦርድ እጫወት የነበርኩ ሰው ነኝ። እነዚህን የስኮትላንድ ልጆች ልጄ አሰማችኝ፤ ጥሩ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልበላችሁ።

ይህን የምታስመስሉትን ጉድለት እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንሸሸው ነው የኖርነው። የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል ስንጠርግ፣ የላላ የጎማ ቀበቶ ስንቀይር፣ ካሴት ከመኪና መስኮት ሥር ስናሸሽ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ፍጥነቱ ስድስት በመቶ ከወረደ ሙዚቃው በሙሉ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ ሦስት በመቶ ብቻ ከወረደ ደግሞ ከካሴት ዘፈን ለማጥናት የተቀመጠ ኪቦርድ ተጫዋች ጥቁሩንም ነጩንም ቢነካ አይገጥምለትም። አንድ ጊዜ ሙሉ ሌሊት አንድ ዘፈን አጥንቼ፣ ጠዋት ልምምድ ላይ ከባንዱ ሁሉ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብዬ ተገኘሁ። የቴፔ ባትሪ ነበር። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። እናንተ ደግሞ ይህንኑ ሆን ብላችሁ ትጨምራላችሁ! ጊዜ ስንቱን ያሳያል።

መምሰልን ግን አልነቅፍም። እኛም የተማርነው በመምሰል ነው፤ የሰው ካሴት እየመለስን፣ እያቆምን፣ እየመለስን። ኃይሉ መርጊያን አስቡት። በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን፣ ባንድ አጠገቡ ሳይኖር፣ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን አቀናብሮ ካሴት አወጣ። ያ ካሴት በ2013 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ እርሱ በመካከሉ ታክሲ ይነዳ ነበር። በካሴቱ ላይ ስሙ ስለነበረ ነው ፈልገው ያገኙት። ልጄ፣ ስምህን አስጽፍ።

ቃና ፈላጊ (ስቶክሆልም)፣ ማክሰኞ ከረፋዱ 4፡50

ጋሼ፣ ከርስዎ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ቦርድስ ኦፍ ካናዳን በሰማሁ ቁጥር ትዝታ ነው የምሰማው። ዝም ብሎ ስሜቱ ሳይሆን ቅኝቱ ራሱ። እኛ ሐበሾች ከሌላው ሰው ቀድመን የምንወዳቸው ለዚህ አይመስልዎትም?

የድሮ ኪቦርድ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 8፡20

ቀድመን መውደዳችንን ማን ነገረህ? ልጄ ካላሰማችኝ እኔ መቼ አውቃቸው ነበር!

ናፍቆት ያለበት ሁሉ ትዝታ አይደለም። ትዝታ ቅኝት ነው፤ አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ በሌላው ዓይነት ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ዛሬ ጠዋት ኪቦርዴ ላይ ተቀምጬ ሦስት ሥራቸውን ተከተልኩ። ከአምስቱ ውጭ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ ሥር ያለው የኮርድ አካሄድም የፈረንጅ ነው። የሚያሳዝንህ ዜማው አይደለም፤ ዜማው እንደ ልጆች መዝሙር ቀላል ነው። የሚያሳዝንህ ድምፁ ከቦታው እየተንሸራተተ እንደገና መመለሱ ነው። አዝማሪ በማሲንቆ ጣቱን ሲያንሸራትት የምትሰማውን ያህል ነው። ዝምድና ከፈለግህ እዚያ ፈልግ፤ ቅኝት ውስጥ ግን አይደለም።

ቃና ፈላጊ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 8፡44

ተረታሁ፣ ጋሼ። ማሲንቆዋን ግን ይዣለሁ።

ሽቦ ቀጥል (ሐዋሳ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡05

ወሬው ወደ ቅኝት ሄደና የእኔ ጥያቄ እንዳይረሳ፦ አጠንጣኝ፣ ዋናውን ዜማ በምንድን ነው የሠራኸው? እኔም አንድ ስብስብ ላይ ለመላክ እየሞከርኩ ነው። የድምፅ ማወዛወዣ ፕሮግራም ጫንኩ፤ የሚወጣው ግን እንደ አምቡላንስ ነው።

በእስክሪብቶ አጠንጣኝ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡12

የአምቡላንሱ ምክንያት መወዛወዙ እኩል በእኩል መሆኑ ነው። ኮምፒውተር ሲያወዛውዝ እንደ ሰዓት ነው፤ ጆሮ በሁለተኛው ዙር ያውቅበታል። የእውነት ቴፕ ሁለት ዓይነት ሕመም አለበት፦ አንዱ ዝግ ያለ፣ ካሴቱ ሲከብደው የሚመጣ፤ ሌላው ፈጣን፣ ከተሽከርካሪዎቹ እንደ መንቀጥቀጥ የሚመጣ። ሁለቱ አይገናኙም፣ ሰዓትም አይጠብቁም። በፕሮግራም ከሠራህ ሁለት የተለያዩ ማወዛወዣ አድርግና ፍጥነታቸውንም በእጅህ እያነካካህ ቅዳ።

እኔ ያደረግሁት ከዚህ ቀላል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የሚለማመዱባት ትንሽ ኪቦርድ ነበረች፤ በዋሽንት ድምፅ ስምንት ሰከንድ ያህል ተጫወትኩባትና በካሴት ቀዳሁ። ካሴቱ ሲዞር አውራ ጣቴን በጠርዙ ላይ ቀስ ብዬ አሳረፍኩ፤ ነካ፣ ለቀቅ። እርሱን ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ፣ መልሼ በካሴት ቀዳሁ፣ መልሼ አስገባሁ። አራት ዙር። በየዙሩ ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እየሞተ፣ የቴፑ ሽሽታ እየጨመረ ይሄዳል። በአምስተኛው ዙር ዜማው ራሱ ጠፋብኝ፤ ወደ አራተኛው ተመለስኩ።

ከበሮው ከኮምፒውተር ነው። እርሱን ቴፕ ላይ አላስነካሁም፤ ሁሉም ነገር ካረጀ አርጅቷል የሚያሰኝህ ማነጻጸሪያ አይኖርህም።

ሞገድ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡00

የሕጉን ነገር የጠየቀ ባይኖርም፣ ኑሮዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ላንሣው። የሰውን ስልት መምሰልና የሰውን ቅጂ ቆርጦ መጠቀም ሰማይና ምድር ናቸው። እዚህ ጀርመን ክራፍትቨርክ የሚባሉት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ በ1977 ባወጡት አልበም ላይ ያለች ሁለት ሰከንድ የምት ቁራጭ ነበረች። በ1997 አንድ የራፕ አዘጋጅ፣ ሞሰስ ፔልሃም፣ ያችን እየደጋገመ ተጠቀመባት። ለሁለት ሰከንድ ከ20 ዓመት በላይ ተካሰሱ! የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 የሰጠው መልስ፣ ቁራጩ ቢያጥርም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በጆሮ እስከማይታወቅ ድረስ ከተለወጠ ግን አያስፈልግም የሚል ነበር።

የአጠንጣኝ ጉዳይ ግን ከዚህም ይቀላል። ከወንድማማቾቹ አንዲት ሰከንድ አልወሰደም፤ ኪቦርዱ የራሱ፣ ካሴቱ የራሱ፣ ልጅቷም የሰፈሩ። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት (ይህ በኛው አቆጣጠር ነው) ሥራው ወጥ ሆኖ በካሴትም በምንም ከተቀረጸ መብቱ የሠሪው ነው፤ ማስመዝገብ ግድ አይደለም። ችግርህ ማስረጃ እንጂ ሕግ አይደለም። የስብስቡ ገጽ አለ?

በእስክሪብቶ አጠንጣኝ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡18

የለም። የተቀመጠበት ድረ ገጽ ከዓመታት በፊት ተዘግቷል። ዛሬ ቀን ድፍረት አግኝቼ ከቪዲዮው ሥር «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ሦስት ሰው መልሷል። አንዱ ሳቀ። አንዱ እርሱም የሠራው እርሱ እንደሆነ ነገረኝ። ሦስተኛው «ማስረጃ?» አለ።

ሐይፋዊት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡25

አንተ ሰው፣ ማስረጃው በእጅህ አይደለም እንዴ? ቪዲዮው ላይ ልጅቷ «ህ» ላይ ትቆማለች። «ሆ»ን ለምን አስቀረኸው?

በእስክሪብቶ አጠንጣኝ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡31

እኔ አላስቀረሁትም። ባትሪው እዚያ ላይ ሞተ።

የድሮ ኪቦርድ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡50

ልጄ፣ ባትሪው የሞተው ስታጫውተው ነው እንጂ ስትቀዳው አይደለም ብለሃል። እንግዲያው ካሴቱ ላይ አለች። ካሴቱ የት ነው?

በእስክሪብቶ አጠንጣኝ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ካሴቱ እናቴ ጋ፣ በክርና በቁልፍ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ቴፑ ራሱ አልሠራም፤ የጎማ ቀበቶው እንደ ማስቲካ ቀልጦ ነበር። ከጎረቤት ተዋስኩ። ከሱቅ አራት አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ የማይነከስ። እስክሪብቶ አግብቼ ትንሽ አጠነጠንኩና ለቀቅሁት።

ድምፁ ጥርት ያለ የሕፃን ድምፅ ነው። ረስቼው ነበር። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሳል፣ ሄ፣ ህ። ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ «ሆ!» ትላለች፣ በጩኸት። ወዲያው እናቷ ከውጭ ስትጠራት ይሰማል፤ ካሴቱም ያልቃል።

እናቴም አብራኝ ሰማችው። ተነሥታ ከበር ወጥታ ልጅቷን ጠራቻት። አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አጠገቤ ተቀምጣ አስተያየቶቹን ሁሉ እያነበበች ነው። መመዝገብ ፈልጋለች፤ አወያዮች ፍቀዱላት።

ሳይዋ (አዲስ አበባ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡05

ሰላም ለሁላችሁ። ያሳልኩት እኔ ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ሐይፋዊት፣ እናመሰግንሻለን፤ ተከራክረሽልኛል። ሰባቱን ሰዎች ለቆጠረው ሰውዬም አሁን ስምንት ስለሆኑ ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው እንዲጨምር ንገሩት።

ጋሽ አጠንጣኝ ሙሉውን ልጫነው ወይ ብሎ ፈቃዴን እየጠየቀኝ ነው። ያን ዕለት ፊደሉን ከቆጠርኩ ከረሜላ እሰጥሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ እናቴ ስለጠራችኝ ሳልቀበል ሄድኩ። መጀመሪያ እርሷን ይክፈል።